የላፕቶፕ ማያና የተጨማሪ ሞኒተር ቃላት፤ በአንድ የትርጉም መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ዋጋው የሚታወቀው በሥራ ላይ ሲውል ነው። ቃሉ በተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሥርወ ቃሉ የጠራ፣ አመሠራረቱ የሰዋስውን ሕግ የጠበቀ፣ ለጆሮም የማይጎረብጥ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ቃሉን አንብቦ አንድ ተግባር መፈጸም የሚገባው ሰው በትክክል አንብቦ የተሳሳተውን ተግባር ከፈጸመ፣ ቃሉ ከነሥርወ ቃሉና ከነሰዋስው ሕጉ ወድቋል ማለት ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሂስ ይህንን መመዘኛ መሠረት ያደረገ ነው።

ለሂሳችን መነሻ የሆነን በአንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች ሥልጠና የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የኮምፒውተር አጠቃቀም መመሪያ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የተርጓሚዎቹን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ዓላማችን ቃላቱን መመርመር እንጂ ሰዎቹን መውቀስ አይደለምና። ከመመሪያው ምዕራፎች መካከል የመረጥነው ላፕቶፕን ከሌላ ሞኒተር ወይም ከፕሮጀክተር ጋር አያይዞ ስለ መሥራት የሚናገረውን ነው። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ከአራት አማራጮች አንዱን በአንዲት ቃል ምልክትነት እንዲመርጥ የሚገደድበት፣ ምርጫውም ብዙውን ጊዜ በሰው ፊት ውጤቱ የሚታይበት በመሆኑ፣ የቃል አመራረጥ ጉድለትን እንደዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ምዕራፍ አላገኘንም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት እኛው ራሳችን የታዘብነውን አንድ ሁኔታ እናስቀድም። በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሪፖርት አቅራቢው ላፕቶፓቸውን ከፕሮጀክተር ጋር አያያዙ። ፍላጎታቸው ሪፖርቱ በግድግዳው ላይ እንዲታይ፣ ማስታወሻቸውና ሌሎች ጽሑፎቻቸው ደግሞ በላፕቶፑ ላይ ለእርሳቸው ብቻ እንዲቀሩ ነበር። መመሪያውን በእጃቸው ይዘው አራቱን አማራጮች አነበቡ። የሚፈልጉት ሁለት ማያ ስለሆነ «አባዛ» ተብሎ የተተረጎመውን መረጡ፤ «አንዱን ማያዬን ሁለት ያደርግልኛል» ብለው ነበርና። በዚያው ቅጽበት በላፕቶፑ ላይ ተከፍቶ የነበረ፣ ስለ አንድ ባልደረባ የዲሲፕሊን ጉዳይ የተጻፈ ደብዳቤ ከነሙሉ ስሙ በግድግዳው ላይ ተነበበ። ባልደረባውም በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አቅራቢው ገመዱን ነቅለው ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ «ኮምፒውተር አልችልም» ሲሉ ራሳቸውን ወቀሱ። እኒህ ሰው ግን አማርኛ ይችላሉ፤ ያነበቡትንም በትክክል ተረድተዋል። ማባዛት አንዱን ሁለት ማድረግ ነውና። የከዳቸው ቃሉ ነው።

1. የሚሰየመው ነገር

ስያሜን ከመመርመር በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። ላፕቶፕ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ አንድ ማያ አለው። በኤችዲኤምአይ፣ በዩኤስቢ-ሲ ወይም በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች በቪጂኤ ገመድ አማካይነት ሌላ ሞኒተር፣ ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ሲያያዝበት፣ ተያያዡ መሣሪያ ማንነቱንና ሊያሳየው የሚችለውን የምስል መጠን በዚያው ገመድ በኩል ለላፕቶፑ ያስታውቃል። ከዚህ በኋላ ለተጠቃሚው አራት ምርጫዎች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው በላፕቶፑ ማያ ብቻ ማሳየት ነው። ሁለተኛው በላፕቶፑ ማያ የሚታየውን ያንኑ ምስል በሌላውም ላይ ማሳየት ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ማያዎች ጎን ለጎን አድርጎ እንደ አንድ ሰፊ ገበታ መጠቀም ነው። አራተኛው የላፕቶፑን ማያ አጥፍቶ በሌላው ብቻ መሥራት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ እነዚህ አራት ምርጫዎች የዊንዶውስ ቁልፍና የ«ፒ» ፊደል ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ይመጣሉ።

አሠራሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ማኪንቶሽ 2 ከአንድ በላይ ሞኒተር ጎን ለጎን አድርጎ ማሠራት ይችል ነበር፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 98 ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሞኒተሮች ድረስ ይቀበል ነበር። በመሆኑም ጽንሰ ሐሳቡ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በአማርኛ ግን የጠራና የረጋ ስያሜ ገና አላገኘም።

ከአራቱ ምርጫዎች የመጀመሪያውና አራተኛው «በዚህ ብቻ»፣ «በዚያ ብቻ» የሚሉ ስለሆኑ በማንኛውም ቋንቋ ሲነገሩ አያስቸግሩም። ፈተናው ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ «ዱፕሊኬት» እና «ኤክስቴንድ» የሚሉ ግሦችን ይጠቀማል። የመመሪያው ተርጓሚዎች መዝገበ ቃላት ገልጠው ለእያንዳንዱ ግሥ አቻ ፈለጉ፤ አገኙም። የስሕተቱ መነሻ ከዚሁ ላይ ነው። ተርጓሚዎቹ የተረጎሙት የእንግሊዝኛውን ግሥ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን ነገር አልተረጎሙም።

2. ማያ፣ ማሳያ፣ መመልከቻ፣ ስክሪን፣ ሞኒተር

ምዕራፉ በስድስት ገጾች ውስጥ እነዚህን አምስት ቃላት ያለ ልዩነት ያፈራርቃል። በአንዱ አንቀጽ «ስክሪኑን ያጥፉ» ይላል፤ በሚቀጥለው «ማሳያውን ያጥፉ» ይላል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ቃል ላለመድገም ሲል ቢያፈራርቅ የሚመሰገንበት ጊዜ አለ። በመመሪያ ውስጥ ግን ቃል በተለወጠ ቁጥር አንባቢው ነገሩም የተለወጠ ይመስለዋል፤ እንዲህ መስሎትም ቢሳሳት ልክ ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለባቸው አራት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፦ (ሀ) ዕቃው፣ ይኸውም ገመድና ማብሪያ ያለው መሣሪያ፤ (ለ) ገጹ፣ ማለትም ምስል የሚወጣበት የፊቱ ክፍል፤ (ሐ) በገጹ ላይ የሚታየው ነገር፤ (መ) መስኮቶች የሚዘረጉበትና የማውዙ ጠቋሚ የሚመላለስበት ስፍራ። እንግሊዝኛውም ቢሆን እነዚህን ሁልጊዜ አጥርቶ አይለይም። የምንጩ ቋንቋ ዝርክርክነት ግን ለተቀባዩ ቋንቋ ግዴታ ሊሆን አይችልም።

ለ(ሀ) «ሞኒተር» የሚለውን ውሰት ቃል እንዲጸና እንደግፋለን፤ ሻጩም፣ ጠጋኙም፣ ንብረት ክፍሉም የሚጠራው በዚሁ ስም ነውና። ለ(ለ) «ማያ» የሚለውን እንመርጣለን። ከ«ማየት» የወጣ የመሣሪያና የቦታ ስም ነው፤ ከ«መስማት» «መስሚያ»፣ ከ«መቁረጥ» «መቁረጫ» እንደሚወጣ ሁሉ አመሠራረቱ የታወቀ ነው፤ አጭርም በመሆኑ ለቅጥያ ይመቻል። «ስክሪን» ማለትን የለመደ አንባቢ እንዳይደናገር በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ማስረዳት ይበቃል። ለ(ሐ) «ዕይታ»፣ ለ(መ) «ገበታ» እንላለን። «የሥራ ገበታ» ለማለት ዳድቶን ነበር፤ ሆኖም «ከሥራ ገበታው ቀረ» ሲባል ሠራተኛው ከሥራው ቀረ ማለት ስለሆነ ለሁለተኛ ትርጉም ማዋሉን ትተነዋል።

«ማሳያ» የተባለው ቃል መተው አለበት ብለን እናምናለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃሉ «ለዚህ ማሳያ የሚሆነው» እንደሚባለው የማስረጃና የምሳሌ ትርጉም ስላለው፣ «ሁለተኛ ማሳያ» ሲል አንባቢው ሁለተኛ ምሳሌ ሊጠብቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ«ማያ» የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ተቀራርበው ሲጻፉ ለዓይን አሳሳች ናቸው፤ የፊደል ለቃሚ ስሕተት ሲጨመርበትማ ልዩነታቸው ይጠፋል። «መመልከቻ» ደግሞ የሩቅ ነገር ማያ መነጽርና ከፍ ያለ ስፍራ ስለሚያሳስብ ለዚህ ሥራ አይስማማም።

3. «የውጭ ሞኒተር»

መመሪያው በገመድ የሚያያዘውን ሞኒተር «የውጭ ሞኒተር»፣ ከላፕቶፑ ጋር የተሠራውን «የውስጥ ሞኒተር» ይለዋል። እንግሊዝኛው ከላፕቶፑ አካል ውጭ ያለ ለማለት የተጠቀመበትን ቃል በቀጥታ መመለሱ ነው። ነገር ግን በአማርኛ «የውጭ» ከዕቃ ስም ጋር ሲነገር የሚያስተላልፈው ትርጉም ሌላ ነው። «የውጭ ጫማ»፣ «የውጭ ዘይት» ሲባል ከውጭ አገር የገባ ማለት ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛ «ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ የውጭ ሞኒተር ይገዛ» የሚል ጥያቄ ቢደርሰው «የአገር ውስጡ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይህን ትርጉም ከያዝን በአገራችን ጠረጴዛዎች ላይ ያለው ሞኒተር ሁሉ የውጭ ሊባል ነው።

በምትኩ «ተጨማሪ ሞኒተር» እንዲባል እንጠቁማለን። በዚህም ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ በተያያዘው ሞኒተር ብቻ ሲሠራ፣ ብቻውን የሚያገለግለውን ዕቃ «ተጨማሪ» ማለት ይጋጫል የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ይሁንና «ተጨማሪ» የሚለው ዕቃው ከላፕቶፑ ጋር ያለውን ዝምድና እንጂ በዚያች ሰዓት የሚሠሩትን ማያዎች ብዛት አይናገርም ብለን እንቀበለዋለን። «የውስጥ ሞኒተር» የተባለውም አላስፈላጊ ነው። «የላፕቶፑ ማያ» ቢባል ማንም ሰው አይሳሳትም።

4. «አባዛ»፣ «ገልብጥ»፣ «አንጸባርቅ»

ሁለተኛው ምርጫ በመመሪያው ውስጥ ሦስት ስም ተሰጥቶታል። በሰንጠረዡ «አባዛ»፣ በማብራሪያው «ገልብጥ»፣ ስለ ማኪንቶሽ በሚናገረው አንቀጽ ደግሞ «አንጸባርቅ» ተብሏል።

«ማባዛት» ከሒሳብ ትምህርትም ሆነ ከጽሕፈት ቤት የማባዣ መኪና እንደምናውቀው ከአንድ ብዙ ማውጣት ነው። የተባዛው ቅጅ ከዋናው ተለይቶ ወደየአቅጣጫው ይሄዳል፤ በዋናው ላይ ቢጽፉበት በቅጅው ላይ አይታይም። በማያው ላይ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ምስሉ አንድ ነው፤ የሚታይበት ስፍራ ብቻ ሁለት ሆኗል። በላፕቶፑ ላይ የሚከፈት፣ የሚጻፍና የሚሰረዝ ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሌላው ማያ ላይ ይታያል። ሪፖርት አቅራቢውን ያሳሳታቸው ይህንን ዋና ነገር ቃሉ አለመናገሩ ነው። እንዲያውም ሰውየው የፈለጉትን የሚናገር የሚመስለው «አባዛ» ነበር።

«ገልብጥ» የተወሰደው ከጽሕፈት ቤት ልማድ ሳይሆን አይቀርም። በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ ደብዳቤው በተጨማሪ የሚደርሳቸው ይዘረዘራሉ። ምሳሌው ከአገር ውስጥ ኑሮ የተወሰደ በመሆኑ ደስ ያሰኛል፤ አቀማመጡ ግን አደገኛ ነው። በዚያው የማያ ማስተካከያ ገጽ ላይ ምስሉን ወደ ጎን ማቆምና ላዩን ታች አድርጎ ማዞር የሚቻልበት ሌላ ምርጫ አለ። ተርጓሚዎቹ ይህንንም «የተገለበጠ» ብለውታል። ስለዚህ «ማያው ተገልብጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል፤ ባለሙያ በስልክ እየተነገረው ችግር ሊፈታ ቢሞክር የትኛውን እንደሚያስተካክል አያውቅም። «መገልበጥ» ለላይና ታች ማዞር ብቻ ይቆይ።

«ማንጸባረቅ» ማኪንቶሽ ይህንን አሠራር በመስታወት ምሳሌ ስለሚጠራው የመጣ ነው። ሆኖም መስታወት ቀኝን ግራ ያደርጋል፤ ይህ አሠራር አያደርግም። ከዚያም በላይ ሞኒተሩን በመስኮት አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ብርሃን ሲመታበት የሚያሰማው አቤቱታ «ማያው ያንጸባርቃል» የሚል ነው። ቃሉ በዚሁ ዕቃ ላይ ሌላ ሥራ ይዟልና አይነካ።

የእኛ ሐሳብ «የጋራ ዕይታ» የሚል ነው። «በጋራ» ማለት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይልቁንም ቃሉ በውስጡ ማስጠንቀቂያ አለው። የጋራ የሆነ ነገር የግል አይደለም። ሪፖርት አቅራቢው ከአራቱ ምርጫዎች መካከል «የጋራ ዕይታ» የሚል ቢያነቡ ኖሮ፣ እርሳቸው የሚያዩትን አዳራሹም እንደሚያየው ከቃሉ ብቻ ይጠረጥሩ ነበር ብለን እናምናለን።

5. «አራዝም»፣ «አስፋ»

ሦስተኛው ምርጫ በመመሪያው «አራዝም» ተብሏል፤ በአንድ ስፍራም «አስፋ» ይላል። «ማራዘም» በዛሬው አማርኛ በአብዛኛው ለጊዜ ይነገራል፤ የኮንትራት ዘመን፣ የመመዝገቢያ ቀን፣ የስብሰባ ሰዓት ይራዘማል። «ማያ አራዝም» ያለውን ያነበበ ሰው ማያው ሳይጠፋ የሚቆይበትን ደቂቃ መጨመር ይመስለዋል፤ ይህም በኮምፒውተሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ሌላ ማስተካከያ ስለሆነ ስሕተቱ የበለጠ አሳማኝ ይሆናል። «አስፋ» ደግሞ ምስሉን ወይም ፊደሉን ማጉላት ይመስላል። በሁለቱም ቃላት ውስጥ ዋናው ነገር፣ ማለትም በሁለቱ ማያዎች ላይ የተለያየ ነገር መታየቱ፣ አልተነገረም።

በመጀመሪያ «መቀጠል» የሚለውን ግሥ አስበን ነበር። ገመድ በገመድ፣ ጨርቅ በጨርቅ ይቀጠላል፤ ጠረጴዛም ከጠረጴዛ ጋር ቀጥለው ሰፊ ገበታ ያደርጉታል። ምሳሌው በጣም ይስማማል። ነገር ግን «ቀጥል» የሚለው ትእዛዝ በኮምፒውተር ገጾች ላይ ወደሚቀጥለው እርምጃ ማለፍን ለማመልከት አገልግሎት ላይ ውሏል፤ በዚህ ሥራው ቢቆይ ይሻላል። «ማቀጣጠል» ብለን እንዳንሸሽ ደግሞ እሳት መለኮስ ይሆንብናል።

ስለዚህ «አጎራባች ዕይታ» እንዲባል እናቀርባለን። «አጎራባች ወረዳ»፣ «አጎራባች ቀበሌ» እንደሚባለው ሁለቱ ማያዎች ድንበር ይጋራሉ፤ በየድንበራቸው ውስጥ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል። የማውዙ ጠቋሚ ከአንዱ ማያ ጠርዝ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚሁ ድንበር ነው። ቃሉ አንባቢውን ወደሚቀጥለው ጥያቄም ይመራዋል፤ ጎረቤት ያለው ሰው ጎረቤቱ በቀኝ ይሁን በግራ፣ በላይ ይሁን በታች ማወቅ አለበትና።

6. አቀማመጥ፣ ቁጥርና ዋና ማያ

ይህ ጥያቄ በማስተካከያው ገጽ ላይ ቁጥር በተጻፈባቸው አራት ማዕዘኖች ይመለሳል። ተጠቃሚው አራት ማዕዘኖቹን እየጎተተ በጠረጴዛው ላይ እንዳሉት ሞኒተሮች ያስቀምጣቸዋል። ተጨማሪው ሞኒተር በግራ ቆሞ በገጹ ላይ በቀኝ ከተቀመጠ፣ ጠቋሚው ወደ ግራ ሲገፋ ግድግዳ እንደመታ ይቆማል። መመሪያው ይህንን «ማያዎችን ማደራጀት» ይለዋል። ማደራጀት ለማኅበርና ለመሥሪያ ቤት የሚነገር፣ ሥልጣንና መዋቅር የሚያሳስብ ቃል ነው። እዚህ የሚፈለገው የስፍራ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ «የማያዎች አቀማመጥ» ይበቃል።

በዚሁ ገጽ ላይ አንድ ምልክት ሲጫኑት በእያንዳንዱ ማያ ላይ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ይታያል። መመሪያው ምልክቱን «ማያዎችን ለይ» ብሎ ተርጉሞታል። «መለየት» ማንነትን ማወቅ ነው፤ መነጣጠልም ነው። ሁለት ማያዎችን ስለ ማያያዝ በሚናገር ምዕራፍ ውስጥ «ለይ» የሚል ትእዛዝ ያየ ሰው ሁለተኛውን ትርጉም መውሰዱ አይቀርም፤ ያያያዘው እንዳይቋረጥበት ፈርቶም አይነካውም። «የማያዎቹን ቁጥር አሳይ» ቢባል ፍርሃቱ ይጠፋል።

መስኮቶች በቅድሚያ የሚከፈቱበትን ማያ መመሪያው በአንድ ስፍራ «አንደኛ ደረጃ ማሳያ»፣ በሌላ ስፍራ «ዋና ማያ» ይለዋል። «አንደኛ ደረጃ» ትምህርት ቤትን ወይም የዕቃ ጥራትን ከማሳሰቡም ሌላ ከቁጥሩ ጋር ይጋጫል፤ ቁጥር 2 የተሰጠው ማያ ዋና ሊሆን ይችላልና። «ዋና ማያ» የማያሻማ ነው። ተርጓሚዎቹ ያገኙትን መልካም ቃል በሰንጠረዡም ውስጥ ቢያጸኑት ኖሮ እኛ የምንለው ባልኖረ ነበር።

7. የነጥብ ብዛትና የተዘጋ ክዳን

መመሪያው ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች ብዛት «ጥራት» ይለዋል። ጥራት ውጤት ነው፤ የሚለካው ነገር ግን ብዛት ነው። 1366 በ768 የሆነ የላፕቶፕ ማያ 1,049,088 ነጥቦች ሲኖሩት፣ 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በጋራ ዕይታ ጊዜ ሁለቱ ማያዎች አንድ ምስል ስለሚያሳዩ ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም በሚስማማ አንድ ብዛት መወሰን ይኖርባቸዋል፤ ትልቁ ሞኒተር ፊደሉን አደብዝዞ የሚያሳየው ከዚህ የተነሣ ነው። «የነጥብ ብዛት» የሚል ስያሜ የነበረው አንባቢ ምክንያቱን ራሱ ይደርስበታል። «ጥራት» የተባለለት ግን ሞኒተሩን ጥራት የሌለው ዕቃ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

ክዳንን በተመለከተ መመሪያው ምስጋና ይገባዋል። ከመሶብና ከሙዳይ ጀምሮ የምናውቀውን «ክዳን» ወስዶ ለላፕቶፕ መስጠቱ ለማንም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ክዳኑ ተዘግቶ በተጨማሪ ሞኒተር ብቻ መሥራትን «የዛጎል ሁኔታ» ማለቱ የእንግሊዝኛውን ዘይቤ ተከትሎ ነው። ዛጎል ለእኛ ጌጥ ነው፤ ተከፍቶ የሚዘጋ ዕቃ አያሳስበንም። «በዝግ ክዳን መሥራት» ማለት ይሻላል።

ከዚህም የከፋው በዚያው አንቀጽ ይገኛል። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያንቀላፋ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በዝግ ክዳን ለመሥራት ይህንን መለወጥ ያስፈልጋል። ምርጫው በአማርኛ «ክዳኑ ሲዘጋ፦ ምንም አታድርግ» ተብሎ ተጽፏል። ትእዛዙ የተሰጠው ለኮምፒውተሩ ነው፤ የሚያነበው ግን ሰው ነው። አንባቢው «ክዳኑ ከተዘጋ አትንካው» የተባለ መስሎት እጁን ይሰበስባል። «ክዳኑ ቢዘጋም ሥራው ይቀጥል» ቢባል የታዛዡ ማንነት አያጠራጥርም።

ይህ ነገር አንድ አጠቃላይ ሕግ እንድናቀርብ ይገፋፋናል። አማርኛ ሲያዝዝ ማንን እንደሚያዝዝ ይናገራል። ለአንባቢው የሚሰጠው መመሪያ በአክብሮት «ይምረጡ»፣ «ያያይዙ» ይባል፤ ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ «አሳይ»፣ «አጥፋ» ይባል፤ ሁለቱም በመጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይጠበቁ። መመሪያው በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ «አባዛ» እና «ያራዝሙ» የሚሉትን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ይህንን ልዩነት ከንቱ አድርጎታል። እንግሊዝኛ ይህ ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ተርጓሚው ከምንጩ ሊማረው አይችልም፤ ከራሱ ቋንቋ ማምጣት አለበት።

8. የሐሳባችን ማጠቃለያ

በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገባው ስምና በምርጫ ገጽ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ አንድ መሆን የለባቸውም። ስሙ «የጋራ ዕይታ» እና «አጎራባች ዕይታ» ይሁን፤ ለትምህርት፣ ለማብራሪያና ለመነጋገሪያ ይጠቅማል። በገጹ ላይ ግን ለመተርጎም ጊዜ የሌለው ሰው በጨረፍታ አንብቦ ስለሚመርጥ፣ አራቱ ምርጫዎች ውጤታቸውን እንዲህ ይናገሩ፦

«በላፕቶፑ ብቻ አሳይ»
«በሁለቱም ያንኑ አሳይ»
«በሁለቱም የተለያየ አሳይ»
«በተጨማሪው ብቻ አሳይ»

አራቱም በአንድ ግሥ መጨረሳቸው ልዩነቱ ከግሡ በፊት ባለው ቃል ላይ እንዲታይ ያደርጋል። ከአንድ ቃል ወደ ሁለትና ሦስት ቃል መርዘማቸውን የሚነቅፍ ይኖራል። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ልክ በተሠራ ጠባብ ስፍራ ውስጥ አማርኛውን ለማስገባት ሲባል ትርጉሙን መቁረጥ ግን ልብሱ እንዲበቃ እግርን እንደ መቁረጥ ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንግሊዝኛውን እንዳለ በፊደላችን ብንጽፈው አይበቃምን?» የሚል ነው። ለዕቃ ስም ይህንን ራሳችን ተቀብለናል፤ «ሞኒተር»ን፣ «ፕሮጀክተር»ን፣ «ላፕቶፕ»ን አልነካንም። ዕቃ በዓይን ስለሚታይ ስሙ ባዕድ ቢሆንም ያስተምራል። ምርጫ ግን አይታይም፤ ከመፈጸሙ በፊት ያለው በቃሉ ውስጥ ብቻ ነው። «ዱፕሊኬት» የሚለውን በፊደላችን ብንጽፈው፣ ቃሉን ቀድሞ ለሚያውቅ አልጨመርንለትም፣ ለማያውቀውም አልነገርነውም።

ተርጓሚዎቹ የሠሩትን ሥራ አናቃልልም። «መስኮት»፣ «ክዳን»፣ «ዋና ማያ» የሚሉትን በመጠቀማቸው፣ ዐረፍተ ነገሮቻቸውንም አጭር በማድረጋቸው ከብዙዎች ይበልጣሉ። መመሪያው በሚቀጥለው ጊዜ ሲታተም ቢያንስ «አባዛ»፣ «አራዝም»፣ «ለይ» እና «ምንም አታድርግ» የሚሉት አራቱ እንዲለወጡ እናሳስባለን፤ በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉት እነዚህ ናቸውና። ለውጡ ከመታተሙ በፊትም ቃላቱ ኮምፒውተር ለማያዘወትሩ ጥቂት ሠራተኞች ተሰጥተው፣ ማብራሪያ ሳይነገራቸው ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አያይዘው አንድ ጽሑፍ ብቻ እንዲያሳዩ ይደረግ። እኛ ያቀረብናቸው ስያሜዎችም በዚሁ ፈተና እንዲያልፉ እንፈልጋለን። በተለይ «አጎራባች ዕይታ» በምርጫ ገጽ ሳይሆን በሰው አንደበት እንዴት እንደሚቀበል ለማወቅ እንሻለንና፣ አንባቢዎቻችን ሞክረው ያገኙትን ስሕተት ከነምሳሌው እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።